ስለ ፍቺ የሚናገር ፊልም አይቼ ልቤ ታወከ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ከባለቤቴ ጋር በቅዱስ ቁርባን ከተጋባን ብዙ ዓመት ሆኖናል፤ አንድ ወንድ ልጅም አለን። በቅርቡ «ሜሬጅ ስቶሪ» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም ለብቻዬ አየሁና አለቀስኩ። ባለታሪኳ የተናገረችው ሁሉ በእኔ ሆድ ውስጥ የኖረ መሰለኝ። ለባለቤቴ ስነግረው «እንዲህ ያለ ፊልም ቤት ያፈርሳል፤ ማየቱ ራሱ ኃጢአት ነው» ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ወዲህ ተኮራርፈናል። እውነት ማየቴ ኃጢአት ነውን? መለየትን ማሰቤስ?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። ፊልሙን አውቀዋለሁ፤ ኖዋ ባውምባክ የጻፈውና ያዘጋጀው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ፍቺን አያሞግስም፤ የፍቺን ሕመም ያሳያል። የሥጋን ምኞት ለመቀስቀስ የተሠራ ፊልምና የሰውን ስብራት የሚያሳይ ፊልም በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ሐዋርያው «ሁሉን ፈትኑ፥ መልካሙንም ያዙ» ይላልና (1ኛ ተሰ. 5፥21) ማየትሽን ኃጢአት ብዬ አልጭንብሽም። ያሳዘነሽን ለባለቤትሽ መንገርሽም መልካም ነበር።

የመለየት ሐሳብ በልብ ማለፉ አንድ ነገር ነው፤ ያንን ሐሳብ እየመገቡ ማሳደግ ሌላ። የመጀመሪያው ፈተና ነው፣ በጸሎት ይመለሳል። ሁለተኛው ግን ቀስ በቀስ ውሳኔ ይሆናል። ደግሞም አስተውዪ፤ የፊልሙ ባለታሪክ ኒኮል ተዋናይ ናት፤ ባሏ ቻርሊ በኒው ዮርክ ቴአትር ያዘጋጃል። ወደ ሎስ አንጀለስ፣ ወደ ቤተ ሰቦቿ ከተማ መመለስ እንደምትፈልግ እየነገረችው ነገሩን ሳይሰማት ዓመታት አለፉ። በላዩም ከቴአትር ቡድኑ ባልደረባ ጋር አመነዘረ። ስለ ፍቺ ሲናገር ዝሙትን ጌታችን ራሱ ለይቶ ጠቅሶታል (ማቴ. 19፥9)። በአንቺ ቤት ይህ ከሌለ፣ የእርሷን ፍርድ ተውሰሽ በባለቤትሽ ላይ አታውጪ። አለመሰማት ግን እውነተኛ ቁስል ነውና አታቃልዪው፤ እርሱም አያቃልለው።

እኔን ከፊልሙ ሁሉ ያሳዘነኝ መጀመሪያው ነው። ባልና ሚስቱ አንዱ በሌላው የሚወደውን ይዘረዝራሉ፤ ተመልካቹ የፍቅር ታሪክ ሊያይ ነው ብሎ ይቀመጣል። ለካ ዝርዝሩን ያጻፋቸው ሊለያዩ ሲሉ የሄዱበት አስታራቂ ኖሯል! ኒኮልም የጻፈችውን ጮክ ብላ ለማንበብ እንቢ አለች። ያ ሁሉ መልካም ቃል በልባቸው ነበር፤ በጊዜው ከአፍ አልወጣም። ክፉው ቃል ግን ወጣ። በቻርሊ ባዶ አፓርታማ ውስጥ ተጋፍጠው ሲጨቃጨቁ እስከ መሞቷን መመኘት ደረሰ፤ ወዲያው በጉልበቱ ወድቆ አለቀሰ፤ የረገማት እርሷው አጽናናችው። እንዲህ የሚላቀሱ ሰዎች ፍቅር አልቆባቸው ነው ብዬ አላምንም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ መጽሐፍ «ሞትና ሕይወት በምላስ እጅ ናቸው» የሚለው (ምሳ. 18፥21) በትዳር ውስጥ ፊደል በፊደል ይፈጸማል።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የኤፌሶንን መልእክት ሲተረጉም፣ ባል ለሚስቱ ምን እንደሚላት ሳይቀር ያስተምራል፦ ከነፍሱ አብልጦ እንደሚወዳት፣ ከእርሷ ጋር ከመጣላት የሚከብደው ነገር እንደሌለ እንዲነግራት፤ ስሟን ብቻ ሳይሆን በፍቅርና በአክብሮት ቃል እንዲጠራት። ጸሎታቸው የጋራ እንዲሆን፣ በቤተ ክርስቲያን የተነበበውንም በቤታቸው እንዲጠያየቁ ይመክራል። ብዙዎቻችን «ፍቅር በተግባር ነው» እያልን ቃሉን እንሰስታለን። ይህን መልስ ለባለቤትሽ አስነብቢው፦ ወንድሜ፣ ሚስትህ ስታለቅስ ፊልሙን ከመክሰስህ በፊት «ምን አስለቀሰሽ?» ብለህ ጠይቅ። ቅዱስ ጴጥሮስ ሚስቱን ያላከበረ ባል ጸሎቱ እንደሚከለከል ነግሮናል (1ኛ ጴጥ. 3፥7)። የፈራኸው ነገር ካለ ደግሞ በቁጣ አትሸፍነው፤ ፍርሃትህን ንገራት።

ኩርፊያው ዛሬ ይብቃ፤ «በቍጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ተብሏል (ኤፌ. 4፥26)። አንቺ ጀምሪ ማለቴ ጥፋተኛ ነሽ ማለቴ አይደለም፤ የጠየቅሽኝ አንቺ ስለሆንሽ ነው። ከዚያም ሁለታችሁም አብራችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። የተጎዳችሁበትን ሳትሸፋፍኑ ተናገሩ፤ አንዳችሁ ስትናገሩ ሌላው አያቋርጥ። ገበናችሁን ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ አትበትኑ። በፊልሙ ጠበቆቹ ከልካይ ባጡ ጊዜ ሚስቲቱ የጠጣችውን ወይን፣ ባልየው በትክክል ያላሰረውን የልጅ መኪና ወንበር ሳይቀር በዳኛ ፊት እንደ ወንጀል አቀረቡት። ነገር አጋዥ ዘመድም ከዚህ አይሻልም።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም፤ ያልጻፍሽው ድብደባ ወይም ማስፈራራት በቤትሽ ካለ፣ ይህ ምክር ለዚያ አይበቃም። ቤተ ክርስቲያን ተደብደቢ አትልም። ልጅሽን ይዘሽ ደኅና ቦታ ሁኚ፤ ለሕግም አመልክቺ፤ ንግግሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።