የሰርግ መጠጥ፦ ከአንድ ማር ሁለት ብርጭቆ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ጥር መጨረሻ ላይ፣ ቅዳሜ ቀን፣ እንጋባለን። አዳራሹ ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ የጠራነው 300 ሰው ነው። ጓደኞቼ ሲያገቡ ሁሉም «የሙሽሮቹ ኮክቴል» የሚባል ነገር ነበራቸው፤ ስማቸው ያለበት፣ ቀለሙ ከዲኮሩ ጋር የሚሄድ። እኔም አማረኝ። ያናገርኩት ባርቴንደር ስድስት ዓይነት አቀረበልኝ፤ ሰማያዊ አለው፣ ጭስ የሚያወጣም አለው። እናቴ ግን «ጠጅ እያለ የምን ኮክቴል ነው?» ብላ ተቆጥታለች። የእጮኛዬ ቤተሰቦች ፕሮቴስታንት ናቸው፣ አልኮል አይነኩም። የእኔ አጎቶች ደግሞ ውስኪ የሌለበትን ሰርግ ሰርግ ብለው አይጠሩትም። ምን ልምረጥ? ስንት ዓይነት? ስሙንስ ምን ልበለው? እኔ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ፤ ከእሱ ጋር የተዋወቅነው አራት ኪሎ ካምፓስ ስንማር ነው።
ሙሽሪት፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ከስድስቱ አራቱን አሁኑኑ ሰርዢ። የቀሩትን ሁለቱን ደግሞ አብረን እንቀይራቸዋለን።

ሁለት ይበቃል። አንዱ አልኮል ያለው፣ አንዱ የሌለው። ስድስት ዓይነት ስታቀርቢ ምን እንደሚሆን ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ሳይ ነው የኖርኩት። እንግዳው ሜኑ ያነባል፣ ይጠይቃል፣ ሐሳቡን ይቀይራል። ባርቴንደሩ ለእያንዳንዱ ሰው ሌላ ጠርሙስ ይከፍታል። ሰልፉ እስከ በሩ ይደርሳል። ያን ጊዜ አጎቶችሽ ተስፋ ቆርጠው ወደ ውስኪያቸው ይሄዳሉ፤ ኮክቴሉም ለፎቶ ብቻ ይቀራል።

ስለ ሰማያዊው ብዙ አልልም። ብሉ ኩራሳዎ የብርቱካን ሊከር ነው፤ ሰማያዊ ያደረገው ቀለም ብቻ ነው። ጭሱ ግን ያሳስበኛል። ጭስ የሚያወጣው ደረቅ በረዶ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቁራጩ ከመጠጡ ጋር ከተዋጠ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። ልጅና ሽማግሌ በሚጋፋበት አዳራሽ ውስጥ ማን ማንን ይጠብቃል? ይቅርብሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አልኮል የሌለውን አስቀድመሽ ምረጪ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፤ ኮክቴሉ ላይ ሳምንት ሙሉ ተጨንቆ፣ ለማይጠጣው ሰው ለብ ያለ ለስላሳ ከሳጥን ያወጣለታል። እስቲ የጥሪ ዝርዝርሽን አውጥተሽ የማይጠጣውን በጣትሽ ቁጠሪ። አማቶችሽና ቤተ ዘመዶቻቸው፣ ሙስሊም ጓደኞችሽ፣ መኪና የሚነዳው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ መድኃኒት ላይ ያለው፣ ልጆቹ። የአዲስ አበባ ሰርግ እኮ እንዲህ ነው። እነዚህን ሁሉ ጠርተሽ የረባ ነገር ካላቀረብሽላቸው «እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው» ነው የሚሆነው።

እናትሽ ደግሞ እውነት አላት፤ ጠጅ እያለ ሌላ ነገር ምን ይሠራል? ግን ጠጁን በብርሌ ብቻ አናቀርበውም። የእኔ ሐሳብ ሁለቱንም መጠጥ ከአንድ ማር ማውጣት ነው። አልኮል የሌለው ብርዝ ይሁን፣ አልኮል ያለው ጠጅ። ብርዝ ማርና ውሃ ነው፤ ጠጅ ደግሞ ያው ማርና ውሃ ከጌሾ ጋር ፈልቶ ነው። ያንቺ ቤተሰብ ጠጅ፣ የእሱ ቤተሰብ ብርዝ ይዘው አንድ ላይ ብርጭቆ ያነሣሉ። ከዚህ የተሻለ የሙሽሮች መጠጥ እኔ አላውቅም።

መጀመሪያ ለሁለቱም የሚሆን ሽሮፕ ይሠራል። ማርና ሙቅ ውሃ በስፍር እኩል፣ እዚያ ላይ የተፈቀፈቀ ዝንጅብል። ሃያ ደቂቃ ያህል ይቆይና በንጹሕ ሻሽ ይጠለል። ማሩን እንዳለ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ውስጥ ከጨመርሽው ሥሩ ላይ ይጋገራል እንጂ አይሟሟም፤ ለዚህ ነው በሙቅ ውሃ የምንበርዘው።

ለብርዙ፦ ሽሮፕ 30 ሚሊ ሊትር፣ የሎሚ ጭማቂ 20፣ አምቦ ውሃ 120። ረጅም ብርጭቆ፣ ሙሉ በረዶ፣ አንድ ዘለላ ናና ወይም በሶብላ ከላይ። ናናውን መዳፍሽ ላይ አድርገሽ አንዴ ጠፍ አድርጊው፤ ሽታው የዚያን ጊዜ ነው የሚወጣው። ባርቴንደሩ «ጤና አዳም እናድርግበት፣ ሀበሻ ሀበሻ ይሸታል» ካለሽ እሺ አትበይው። ሽታው ግሩም ነው፣ አልክድም፤ ቡና ላይ እኔም እወደዋለሁ። ግን ለነፍሰ ጡር አይመከርም፤ ነፍሰ ጡሯ ደግሞ የምታነሣው ይህንኑ ብርጭቆ ነው።

ለጠጁ፦ ጠጅ 100 ሚሊ ሊትር፣ ሽሮፕ 15፣ ሎሚ 15፣ አምቦ 60። አጠር ያለ ብርጭቆ፣ በረዶ፣ የብርቱካን ልጣጭ። ጠጁ ደረቅ ይሁን። ለስላሳው ጠጅ ከሽሮፑ ጋር ሲገናኝ እንደ መድኃኒት ሽሮፕ ይጣፍጣል። ጂን ወይም ቮድካ ጣል እናድርግበት የሚል አይጠፋም። እንዳትሰሚው። የቤት ጠጅ ጥንካሬው ከጣይ ጣይ ይለያያል፤ ምን ያህል እንደሆነ ሳታውቂ ሌላ ነገር ከደረብሽበት ሰዉ ከምሳ በፊት ይሞቀዋል። ጠጁን ሁሉ ከአንድ ሰው፣ ከአንድ ጋን ግዢ። ሳምንት ቀድመሽ ቅመሺው። ጠርሙስ ውስጥም መፍላቱን ስለማያቆም ክዳኑን ጥርቅም አድርጋችሁ ሙቀት ላይ እንዳታስቀምጡት፤ ሲከፈት ግድግዳው ጠጅ ይጠጣል።

አንድ ጣጣ አለ። ሁለቱም ወርቃማ ናቸው፣ ይመሳሰላሉ። አማትሽ ብርዝ መስሏቸው ጠጅ ቢያነሡ ሰርጉ ሙሉ የሚወራው እሱ ነው። ስለዚህ ብርጭቆው ይለያይ፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር። ናና ያለው ብርዝ፣ ልጣጭ ያለው ጠጅ። ትሪው ይለያይ፤ የብርዙን ትሪ የያዘ አስተናጋጅ ጠጁን አይንካ። ካርዱ ላይ «አልኮል የለውም» የሚለው በትልቁ ይጻፍ። አስተናጋጆቹን ሰብስበሽ ይህን በቃል ንገሪያቸው፤ ካርድ የማያነብ እንግዳ ብዙ ነው። ለወጣቶቹም አስቢበት፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል። ሰርግ ላይ ሽያጭ የለም ብለሽ አትዘናጊ፤ የትንንሾቹ እጅ ብርዙን ይያዝ።

ስሙን ራስሽ ነግረሽኛል። ብርዙ «አራት ኪሎ»፣ ጠጁ «ካዛንቺስ»። ሰፈሩ ውስጥ ያደጉት እንግዶችሽ ካርዱን ሲያዩ ምን እንደሚሰማቸው አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የእንግሊዝኛ ፊደል አቆራርጠሽ ስማችሁን ከምትገጣጥሚ ይህ ይሻላል።

መቼ ይቀርባል? መግቢያው ላይ፣ ያውም ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ። ካርዱ ስድስት ሰዓት ይላል፣ እናንተ ፎቶ ጨርሳችሁ ስምንት ሰዓት ትመጣላችሁ፤ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ያ ባዶ ጊዜ ነው ሰውን የሚያሰለቸው። ቀዝቃዛ ብርጭቆና ቆሎ በእጁ ካለ ይጠብቃችኋል። ጠጁ በባዶ ሆድ እንዳይሆን ቆሎው ወይም ትንንሽ ዳቦ የግድ ነው። ከዚያ በኋላ ቢራውም ውስኪውም እንደ ወጉ ይቀጥል። ከአጎቶች ጋር ጦርነት አያስፈልግም።

ልኩን ልስጥሽ። ለ300 ሰው 200 ብርጭቆ ብርዝና 150 ብርጭቆ ጠጅ አስቢ። ጠጁ 15 ሊትር ነው። ሽሮፑ 8 ሊትር ከሩብ ገደማ፤ ለእሱ ወደ 6 ኪሎ ማር ይበቃል። አምቦ 33 ሊትር፤ ሲከፈት የሚባክን ስላለ 40 አድርጊው። የሎሚ ጭማቂ ከ6 ሊትር በላይ ይፈልጋል፤ የእኛ ትንሿ ሎሚ ብዙ ጭማቂ ስለማይወጣት ከ400 በላይ ሎሚ ነው። አዎ፣ ብዙ ነው። ቀድመሽ እዘዢ፤ አርብ ማታ እንዳትፈልጊ። የሚጨመቀው ግን ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ አድሮ ይመራል። ሽሮፑ አርብ ተሠርቶ ፍሪጅ ይግባ። ከዚያ በላይ አታቆዩት፤ የተበረዘ ማር ውጭ ሲከርም መፍላት ይጀምራል፣ ያኔ አማቶችሽን አልኮል የለውም ብለሽ ዋሸሽ ማለት ነው። አምቦውን በጀሪካን ቀድመው እንዳይቀላቅሉት፤ ጋዙ ይጠፋል። ብርጭቆው ላይ ነው የሚጨመረው።

በረዶ ለአንድ ሰው ግማሽ ኪሎ፣ በጠቅላላው 150 ኪሎ። ይህን ስነግራቸው ሁሉም ይስቃሉ፣ በሰርጉ ቀን ደግሞ በረዶ ፍለጋ ሰው በታክሲ ይልካሉ። የሚገዛው በንጹሕ ውሃ የተሠራ፣ ለመጠጥ የሚሆነው ይሁን። ቢራ ለማቀዝቀዝ መሬት ላይ ተጎትቶ የሚመጣው ትልቁ ብሎክ ብርጭቆ ውስጥ አይገባም።

አዳራሹን ደግሞ ከውጭ ለሚገባ መጠጥ ያስከፍሉ እንደሆነ፣ ለጠጅና ለብርዝም ይቆጥሩት እንደሆነ ጠይቂና በጽሑፍ ተቀበይ። አንዴ ሰርጉ እየተካሄደ ሒሳብ ሲጨመር አይቻለሁ፤ የሙሽራው አባት ሱፍ ለብሰው ጓዳ ውስጥ ሲከራከሩ ደስ አይልም።

ከሰርጉ በፊት አንድ እሑድ እናትሽንና አማትሽን ቤት ጥሪና አቅምሺያቸው። በበረዶ ይሁን። ቀዝቃዛ ነገር ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፤ በበረዶ ሳትቀምሺ «ጣፈጠ» ብለሽ ሽሮፑን ከቀነስሽ በሰርጉ ቀን ውሃ ውሃ ይላል። እናትሽ ጠጁ ላይ አምቦ ሲጨመር ካዩ መጮኻቸው አይቀርም። ይጩኹ። ከቀመሱ በኋላ እንነጋገራለን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የጓደኛዬ ሚዜ ነኝ። ሞሂቶን ያለ ሩም በስፕራይት ብናቀርበው ያስቃል?
ሚዜ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ አያስቅም፣ ግን ስኳር አትጨምሩበት፤ ስፕራይቱ ራሱ ስኳር ነው። ግማሹን ስፕራይት፣ ግማሹን አምቦ አድርጉት፤ ሎሚውን አብዙ። ናናውን እንደ በርበሬ አትውቀጡት፣ ይመራል፤ ጫን ጫን አድርጉትና ተዉት። የተከተፈ ቅጠል የሙሽራው ጥርስ ላይ ተለጥፎ በአልበሙ ሙሉ እንዳይወጣ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የወንድሜ ኒካህ ነው። አዳራሹ የራሱ ባርቴንደር አለው፤ «ሞክቴል እሠራላችኋለሁ፣ ከአልኮል ነፃ ቢራም አለ» ብሎናል። ምንም ጠብታ እንዳይገባብን ምን ልጠይቀው?
እህት፣ ከመርካቶ

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ሞክቴል ማለት አልኮል የሌለው ኮክቴል ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቢተርስ የሚባለውን፣ መጠጥ የሚቀመምበትን መራራ ፈሳሽ የያዘውን ትንሽ ጠርሙስ ጠይቂው። ባርቴንደሮች ሞክቴል ላይም በልማድ ሁለት ሦስት ጠብታ ጣል ያደርጋሉ፤ የታወቀው አንጎስቱራ ግን 44.7 በመቶ አልኮል ነው። የቫኒላ ኤክስትራክትም አልኮል አለበት። ቢራው ላይ ጽሑፉን አንብቢ፤ በብዙ አገር እስከ 0.5 በመቶ ያለውም «ከአልኮል ነፃ» ተብሎ ይሸጣል። 0.0 የሚለውን ፈልጊ፣ ወይም ጭራሹን ተዪው። መቀላቀያው፣ ማንኪያው፣ ማጥለያው ለእናንተ ብቻ ተለይቶ ታጥቦ ይቅረብ።

እኔ ብሆን ግን ከርከዴ ነበር የማቀርበው። ለ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 30 ግራም ያህል ደረቅ ከርከዴና አንድ እንጨት ቀረፋ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ከተፈላው ይልቅ ይለሰልሳል። ጠዋት ይጠለል፣ በማር ይጣፍጥ፣ ሎሚ ይጨመርበት። ቀለሙ ከየትኛውም ኮክቴል ይበልጣል። ችግሩም ያው ቀለሙ ነው፤ ነጭ ልብስ ላይ ከፈሰሰ በቀላሉ አይለቅም። ብርጭቆው እስከ አፉ አይሞላ፣ ሁለት ሦስተኛው ይበቃል። ነጩን የጠረጴዛ ልብስ በሌላ ቀለም ቀይሩት። ለሙሽሪት ደግሞ ፎቶው እስኪያልቅ ውሃ ስጧት፤ ከርከዴዋን ልብስ ስትቀይር ትጠጣለች።