ኢንትራንስን በግል ለምትፈተኚው እህቴ፦ ማትስን ከካልኩለስ አትጀምሪ

ሰላም እህቴ። «ማትስ ጣለኝ፣ ዘንድሮ በግል እቀመጣለሁ። ክለሳውን ከ12ኛ ካልኩለስ ልጀምር? የማትስ አስተማሪያችን ቲቸር ዶሜይንስ አሁንም እዚያው ትምህርት ቤታችን ናቸው? በቲቪ የምንማርበት ፕላዝማውስ?» ብለሽ የጻፍሽውን አነበብኩት። የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ሆነን ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

እኔ የ2014 ተፈታኝ ነኝ። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የተሰጠበት፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ የሆነበት ዓመት ነው። በማግስቱ ዓመት በግል ተቀምጬ አለፍኩ። ከሁሉም ትምህርት ከፍ ያለ ውጤት ያመጣሁት ደግሞ በዚያው በማትስ ነው። አንቺም እንደኔ ኔቸራል ነሽ ብዬ ልቀጥል።

1ኛ፦ ከ9ኛና ከ10ኛ ጀምሪ። ሰው ሁሉ ካልኩለስን ይፈራል። ዴሪቬቲቭ ማውጣት ግን ቶሎ ይለመዳል። ልጁን የሚጥለው ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ፋክተር ማድረግ፣ ኢንኢኳሊቲ፣ ሎጋሪዝም፣ ትሪጎኖሜትሪ፤ ይሄ ሁሉ የታች ክፍል ትምህርት ነው። ካልኩሌተር ይዞ መግባት ስለማይቻል ክፍልፋዩንም ስኩዌር ሩቱንም ከዛሬ ጀምረሽ በእጅሽ ስሪ።

2ኛ፦ ከነመልሱ የሚሸጥ ወርክሺት አትግዢ። እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ እስካሁን ያንገበግበኛልና። በግል ልፈተን ስዘጋጅ አንድ ማጠናከሪያ ቤት ተመዘገብኩ። የወር ክፍያው አልበቃ ብሎ «ያለፉ ዓመታት ጥያቄ ከነመልሱ» የሚባል ጥራዝ ግዴታ ግዙ ተባልን። እናቴ እንጀራ ሸጣ ባመጣችው ብር ነው የገዛሁት። ውስጡ ይቺ ጥያቄ ነበረች፦ ሎግ ኤክስ ሲደመር ሎግ (ኤክስ ሲቀነስ 2) እኩል ይሆናል 3፣ ቤዙ 2 ነው። ሁለቱን ሎጎች ስታዋህጂያቸው ኤክስ ሲባዛ በ(ኤክስ ሲቀነስ 2) እኩል 8 ይመጣል። ፋክተር ስታደርጊው 4 እና ኔጌቲቭ 2 ይወጣሉ። የጥራዙ መልስ «ሁለቱም» ይላል።

እኔ እጄን አወጣሁ። ቲቸር ዶሜይን ያስተማሯት ልጅ ይሄ አያልፋትም። ስማቸው የወጣው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሰሌዳ ላይ የወጣ ልጅ ገና ቾኩን ሳያነሳ «ዶሜይኑስ?» ይላሉ፤ ኤክስ የትኞቹን ቁጥሮች መሆን ይችላል ማለታቸው ነው። ኔጌቲቭ ቁጥር ሎግ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ኔጌቲቭ 2 ይወድቃል፤ መልሱ 4 ብቻ ነው። ይሄንኑ በትህትና ተናገርኩ። አስተማሪ ተብዬው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንቺ ጎበዝ ብትሆኚ ኖሮ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?» ክፍሉ ሳቀ። ደሜ ፈላ። ያን ሌሊት ሳልተኛ ጥራዙን ከመጽሐፉ ጋር እያስተያየሁ ፈተሽኩት። ስህተቱ በየገጹ ነው! ቢሮ ሄጄ ብሬን ብጠይቅ «የተሸጠ አይመለስም» ብለው በሩን ዘጉብኝ። ስንቱ ድሃ ልጅ ያንን ሸምድዶ ፈተና ገብቷል። ስለዚህ መልሱን ራስሽ ሥሪው፣ ከዚያ መልሰሽ ጥያቄው ውስጥ ክተቺና አረጋግጪ። ሎግ፣ ስኩዌር ሩት ወይም ከታች ኤክስ ያለበት ክፍልፋይ ካየሽ ዶሜይኑን መጀመሪያ ዳር ላይ ጻፊው። እኔን ያሳለፈኝ ይሄ ነው።

3ኛ፦ የታላላቆችሽን ደብተር ከተዋስሽ ተጠንቀቂ፣ መጽሐፉ ተቀይሯል። ለምሳሌ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ በእኛ ጊዜ የሶሻሎች ነበር፤ አሁን በ12ኛው መጽሐፍ ለኔቸራሉም ገብቷል። በአሮጌ ደብተር ብቻ የሚያጠና ልጅ ምዕራፉ መኖሩንም ሳያውቅ ሊገባ ይችላል።

ፕላዝማው ከተበላሸ ቆይቷል። የብረት ሳጥኑ ግን ከነቁልፉ አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። በእኔ እምነት ምንም አልቀረብንም። የቲቪው አስተማሪ ጽፈን ሳንጨርስ ወደ ሌላ ገጽ ያልፍ ነበር፤ አልገባኝም ብትይውም አይሰማሽ።

ቲቸር ዶሜይን አሉ፣ ዘንድሮ 11ኛ ነው የያዙት። ቅዳሜ ጠዋት ላይብረሪ ተቀምጠው የመጣውን ልጅ ሁሉ ያስረዳሉ፣ አምስት ሳንቲም አይቀበሉም። የቀድሞ ተማሪም አይመልሱም። ብቻ «አልገባኝም» ብለሽ ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ ሞክረሽ የተሰናከልሽበትን ገጽ አሳዪያቸው። የራሴን የ9ኛና የ10ኛ ደብተር ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እዚያው ላይብረሪ አስቀምጥልሻለሁ።