ማታ አረንጓዴ፣ ጠዋት ቀይ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አነስተኛ አስመጪ ድርጅት ውስጥ አይቲ ነኝ። 14 የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች አሉን፤ ዶሜይን (ሁሉንም ከአንድ ቦታ ማስተዳደሪያ) የለንም። የኮምፒውተሮችን ሁኔታ የሚከታተለው ዛቢክስ የሚባል ፕሮግራም ሰርቨር ላይ አለን፤ ከየኮምፒውተሩ መረጃ የሚሰጠውን ኤጀንቱን በፍላሽ ይዤ እየዞርኩ ጫንኩ። ማታ ሁሉም አረንጓዴ (የተገናኙ) ነበሩ። ጠዋት ስገባ አምስቱ ቀይ (የተቋረጡ) ሆነው ጠበቁኝ። ሁለቱ ደግሞ ከመጀመሪያውም ሰርቨሩ ላይ እንደ አንድ ኮምፒውተር ነው የሚታዩት። ሁሉንም አጥፍቼ እንደገና ልጫን?

መልስ፦ ኧረ ተው ወንድሜ፣ አትልፋ። ማታ ከሠሩ አጫጫንህ ደህና ነው። እኔ የምጠረጥረው አይፒ አድራሻውን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር ነው።

በተለመደው አሠራር ሰርቨሩ ራሱ በፖርት (የመገናኛ በር ቁጥር) 10050 እየሄደ ኮምፒውተሩን ይጠይቃል። የሚሄደው አንተ በመዘገብክለት አይፒ ነው። አድራሻ የሚያድለው ግን ራውተሩ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ትናንት 192.168.1.23 የነበረው ዛሬ 192.168.1.31 ሊሆን ይችላል። ሰርቨሩ ተከራይ የለቀቀውን ቤት ሲያንኳኳ ይውላል። ከቀዮቹ አንዱ ላይ ተቀመጥና የአሁኑን አይፒ ሰርቨሩ ላይ ካለው ጋር አስተያየው። ከተለያዩ ነገሩ አለቀ።

ራውተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ቋሚ አይፒ መያዝ ትችላለህ። እኔ ግን ለእንዲህ ያለ ቢሮ አክቲቭ የሚባለውን አሠራር ነው የምመርጠው። እዚህ ላይ ኮምፒውተሩ ራሱ በፖርት 10051 ሰርቨሩን ይጠራል። የእሱ አይፒ ቢቀያየር ግድ የለህም፤ ቋሚ መሆን ያለበት የሰርቨሩ ብቻ ነው።

የኤጀንቱን ኮንፊግ ፋይል (ማስተካከያዎቹ የተጻፉበትን) በኖትፓድ ክፈት። ኖትፓዱን እንደ አድሚኒስትሬተር ካልከፈትከው ሴቭ አያደርግልህም። "ሰርቨር አክቲቭ" በሚለው መስመር ላይ ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ የሰርቨሩን አይፒ ጻፍ። ከዚያ "ሆስትኔም" የሚለውን እይ። ይህ ስም ሰርቨሩ ላይ ከመዘገብከው ጋር በፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት፤ ትልቁና ትንሹ ፊደል እንኳ ይለያያል። ሰርቨሩ ላይም የድሮውን ቴምፕሌት (ምን ምን እንደሚለካ የሚወስን ዝርዝር) አንስተህ "አክቲቭ" የሚለውን የዊንዶውስ ቴምፕሌት አያይዝ። ሁለቱን ባንድ ላይ አይቀበልህም።

መንትያ የሆኑብህ ሁለቱም መነሻቸው ይኸው ስም ነው። አንዱን ዲስክ ክሎን አድርገህ (እንዳለ ወደ ሌላው ገልብጠህ) ወይም ኮንፊጉን ኮፒ አድርገህ ይሆናል። የዲስኩን ግራፍ ብታየው ባዶ ቦታው አንዴ 40 ጊጋ፣ አፍታ ቆይቶ 200 ጊጋ፣ ተመልሶ 40 እያለ እንደ መጋዝ ጥርስ ይወጣል ይወርዳል። ሁለት ማሽን ባንድ ስም ሲያወራ እንዲህ ነው። ለየብቻ ስም ስጣቸው።

ስትጨርስ የኤጀንቱን ሰርቪስ (ከጀርባ የሚሠራውን) ሪስታርት አድርግ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ካልሠራ የኤጀንቱን ሎግ (የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል) ክፈት። "ሆስት ኖት ፋውንድ" ካለ ስሙ አልገጠመም። መገናኘት አቃተኝ የሚል ከሆነ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፋየርዎል 10051ን ዘግቶ እንደሆነ እይ።

አንድ ነገር ደግሞ። ዛቢክስ ዲስክ፣ ሚሞሪና ሲፒዩ እንጂ የሠራተኛውን ስክሪን አያሳይም። ይህን ለሠራተኛው ቀድመህ ንገረው፤ "እየሰለሉን ነው" የሚል ወሬ ከተነሳ ኤጀንቱን የሚያጠፋብህ አይጠፋም። አለቃህ ስክሪን ማየት ካማራቸው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለና፣ በቃል የተነገረህን ይዘህ ስክሪን የሚያሳይ ፕሮግራም አትጫን። መጀመሪያ የሕግ ሰው ይየው፣ ትእዛዙም በደብዳቤ ይሁን።