የኦኒትሱካ ታይገር ታሪክ፦ ጠይቁኝ

ስለ ጃፓኑ ኦኒትሱካ ታይገር፣ ማለትም ዛሬ አሲክስ ስለምንለው የስፖርት ጫማ ኩባንያ፣ ጥያቄ ያላችሁ ወዲህ በሉ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ዓመት ስትጠቅሱ በኛ ይሁን በፈረንጆች ለዩት። እኔ የምጽፈው በፈረንጆች ነው።

ጥያቄ፦ ማን መሠረተው? መጀመሪያም የሩጫ ጫማ ነበር የሚሠራው?

መልስ፦ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ፣ በ1949፣ ኮቤ ከተማ። የቀድሞ ወታደር ነው። ከጦርነቱ በኋላ የወጣቱ ነገር አሳስቦት፣ ስፖርት ያቃናዋል ብሎ ነው ጫማ ውስጥ የገባው። የጀመረው ግን በሩጫ ሳይሆን በቅርጫት ኳስ ጫማ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ተጫዋቾቹን ያንሸራትታቸው ነበር። በ1951 በጋ እናቱ የኦክቶፐስ፣ ማለትም የስምንት እግሩ የባሕር እንስሳ፣ ሰላጣ አቀረቡለት። የኦክቶፐሱ እግር ላይ ያሉት መምጠጫዎች ጥብቅ ብለው ሲይዙ አየ። በቃ፣ ሶሉ ላይ እንደዚያ ያሉ ጎድጓዶች አወጣ። መጀመሪያ አብዝቶት ጫማው ወለሉን ሙጭጭ ስላለ ተጫዋቾቹ ይወድቁ ጀመር፤ ጉድጓዶቹን ቀነስ አድርጎ አስተካከለው። ሰውዬውን የምወደው ለዚህ ነው። ሁሌም እግር ሥር ወርዶ ነው የሚያየው።

ጥያቄ፦ ምርጡ ጫማ የቱ ነው?

መልስ፦ ለምን? ለማራቶን? ለመንገድ? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አበበ ቢቂላ በታይገር ሮጧል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ግን ሮምም ቶኪዮም አይደለም፤ ኦሳካ ነው፣ ሰኔ 1961፣ የማይኒቺ ማራቶን። አበበ እዚያም በባዶ እግሩ ሊሮጥ አስቦ ነበር። ኦኒትሱካ ራሱ ሄዶ አናገረው፣ ጫማ እንዲያደርግ አሳመነው። አበበም በታይገር ሮጦ አሸነፈ።

ከዚያ በፊት የተለፋውንም እወቁ። የማራቶን ሯጮች እግር ውሃ ይቋጥር ነበር። ኦኒትሱካ ምክንያቱን ከሐኪም ጋር ሆኖ አጠና፤ እግር መሬት በመታ ቁጥር ጫማው ውስጥ ሙቀት ይፈጠራል፣ ቆዳውን የሚያቃጥለው እሱ ነው። ሞተር በውሃ ይቀዘቅዝ የለ? ጫማ ውስጥ ውሃ አድርጎ ሞከረ። እግሩ ርሶ አበጠ፣ አልሆነም። ቀጥሎ የሞተር ሳይክል ሞተር በነፋስ እንደሚቀዘቅዝ አስተዋለ። ከፊትና ከጎን ቀዳዳ ያለው ጫማ ሠራ። በእያንዳንዱ እርምጃ ትኩሱ አየር ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይገባል። ስሙንም ማጂክ ራነር አለው።

ሌላ አባል፦ ሮም በ1952 አይደል እንዴ? አባቴ እንደዚያ ነው የነገረኝ።

ሌላ አባል፦ 1960 ነው። ቪዲዮው አለ።

ሌላ አባል፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 በኛ፣ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ድሉ ለሀገሩ የአዲስ ዓመት ስጦታ ነበር።

ሌላ አባል፦ አሁንም ጫማ ስለሌለን ነው በባዶ እግሩ የሮጠው የሚል ሰው ያናድደኛል። ጫማ ነበረው፣ እግሩን ስላልተስማማው ነው የተወው!

መልስ፦ ልክ ነህ። ግን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ዓመቱንም ለዩ ብያለሁ።

ጥያቄ፦ አበበ ቶኪዮ ላይ በታይገር ነው የሮጠው?

መልስ፦ አሁን መለስኩ እኮ! አይደለም። ቶኪዮ 1964 በፑማ ነው የሮጠው፣ 2፡12፡11.2 ገብቶ። እባካችሁ ከላይ ያለውን አንብባችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ናይኪ ከኦኒትሱካ ነው የወጣው ይባላል። ሰርቀው ነው?

መልስ፦ ስርቆት አትበሉት፣ ነገሩ ረዘም ይላል። ኋላ ናይኪን የመሠረተው አሜሪካዊው ፊል ናይት በ1962 ኮቤ ድረስ ሄዶ ታይገርን አሜሪካ ልሽጥ አለ። የየትኛው ኩባንያ ሰው ነህ ሲሉት፣ ገና ያልነበረ ኩባንያ ስም ጠራላቸው፦ ብሉ ሪበን ስፖርትስ። በ1964 ከአሠልጣኙ ከቢል ባወርማን ጋር እያንዳንዳቸው 500 ዶላር አዋጥተው እውነተኛ ኩባንያ አደረጉት። ናይት ጫማውን መኪናው ውስጥ ጭኖ ውድድር ሜዳ ለሜዳ ይሸጥ ነበር። ባወርማን ደግሞ ጫማ እየበለተ ሐሳቡን ወደ ጃፓን ይልክ ነበር። ኮርቴዝ የሚባለው የሩጫ ጫማ የመጣው ከዚያ ነው። ኋላ ተቃቃሩ። በ1971 እነናይት ለራሳቸው ጫማ ናይኪ የሚለውን ስም አወጡ፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ኮርቴዝ የሚለው ስም ለአሜሪካኖቹ ሆነ፤ ኦኒትሱካ ያንኑ ጫማ ኮርሴር ብሎ መሸጡን ቀጠለ። ስለዚህ ሁለቱን ጫማዎች ስታዩ ማን ከማን ቀዳ አትበሉ፤ አንድ ናቸው።

ሌላ አባል፦ እኔ ግን ናይት ከድቷቸዋል ባይ ነኝ።

ሌላ አባል፦ እነሱም እኮ ሌላ አከፋፋይ ይፈልጉ ነበር።

መልስ፦ በዚህ አትጣሉ፣ ሁለቱም ተጎድተዋል።

ጥያቄ፦ አዲዳስና ፑማ ወንድማማቾች ናቸው?

መልስ፦ መሥራቾቹ አዎ፣ ዳስለሮች። ርዕሳችን ግን እነሱ አይደሉም።

ጥያቄ፦ ኦሪጅናሉን ከፎርጅዱ እንዴት ልለይ?

መልስ፦ ይህን ሻጭ ጠይቅ። እኔ ታሪክ ነው የማወራው።

ጥያቄ፦ ታይገርና አሲክስ አንድ ከሆኑ ስሙ ለምን ተቀየረ?

መልስ፦ በ1977 ኦኒትሱካ ጂቲኦ እና ጄለንክ ከሚባሉ ሁለት ኩባንያዎች ጋር ተዋሃደ። አዲሱ ስም የላቲን አባባል ምህጻረ ቃል ነው፣ «ጤናማ መንፈስ በጤናማ አካል» ማለት። ኦኒትሱካ በ1949 ለወጣቶቹ የተመኘው ይህንኑ ነበር። የታይገር ስም በ2002 እንደገና ተመልሷል። ጎኑ ላይ የሚጠላለፉት መስመሮች ግን ከ1966 ጀምሮ ያሉት ናቸው፤ ለሜክሲኮ ኦሎምፒክ ሲዘጋጁ ነው የወጡት። አሲክስ ጫማ እግርህ ላይ ካለ ጎንበስ ብለህ እየው።