ከእራት በኋላ የሚመጣው ሁለተኛው እራት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን አሉ? የ34 ዓመት ሴት ነኝ፣ የሁለት ልጆች እናት። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፣ ሥራዬ ሒሳብ ነው። ችግሬ ለመናገርም ያሳፍራል። ቀን ቀን ምግብ ትዝም አይለኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቡና ብቻ ጠጥቼ እወጣለሁ፣ ምሳ ዕቃዬን ግማሹን በልቼ እመልሰዋለሁ። ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤተሰቤ ጋር እራት እበላለሁ፣ እጠግባለሁም። ከዚያ ልጆቹ ተኝተው ቤቱ ጸጥ ሲል፣ 5 ሰዓት ገደማ፣ እግሬ ራሱ ወደ ኩሽና ይወስደኛል። የልጆቹ ብስኩት፣ ቆሎ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ በማንኪያ፣ የተረፈ ሽሮ ቀዝቃዛውን። መብራት እንኳ አላበራም፣ በፍሪጁ ብርሃን ነው። በሁለት ዓመት 9 ኪሎ ጨመርኩ። ሌሊት ቃር ያነቃኛል። ስንቴ ማልኩ መሰለዎት! ባለቤቴ «እዚህ ቤት ጅብ ይገባል እንዴ?» እያለ ይቀልዳል፣ እኔ ግን እያለቀስኩ የበላሁበት ቀን አለ። ምን ይሻለኛል? ደግሞ ማር በሞቀ ውሃ ማታ ማታ ቢጠጣ ያከሳል ይላሉ፣ እውነት ነው?
የሌሊቷ ጅብ

መልስ፦ አንቺ እያልኩ ብጽፍልሽ አትቀየሚኝ። በፍሪጅ ብርሃን ቀዝቃዛ ሽሮ በሚበሉ ሰዎች መካከል አንቱታ አይመችም፣ እኔም አንዱ ነበርኩ። ተረኛ ሆኜ በማድርበት ዘመን ቀኑን ሙሉ ከአልጋ አልጋ ስዞር ውዬ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንድ ፓኬት ብስኩት ስኳር በበዛበት ሻይ እየነከርኩ ሙልጭ አደርግ ነበር። ጠዋት ራሴን እሰድባለሁ፣ ማታ ያው ነኝ። ሆዳም የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ ምሳ አልበላሁም!

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አንቺ የጻፍሽልኝ ስለ 5 ሰዓት ነው፣ እኔ ያሰመርኩት ግን «ቀን ቀን ምግብ ትዝም አይለኝ» የሚለው ላይ ነው። እስቲ እንቁጠር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ 2 ሰዓት ተኩል 14 ሰዓት ነው። በነዚህ 14 ሰዓታት ውስጥ ያገኘሽው አንድ ቡና እና ግማሽ ምሳ ዕቃ ነው፤ በዚያ ላይ የቢሮ ሥራ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ የልጆች የቤት ሥራ። ሰውነትሽ ይህን አይረሳም። እራት ላይ ብትጠግቢም የቀኑ ጉድለት በአንድ ሳህን አይሞላም፣ እና ማታ ቀሪውን ሊጠይቅሽ ይመጣል። ጠዋት የማይርብሽ ሌሊት ስለበላሽ ነው፤ ሌሊት የምትበይው ደግሞ ጠዋት ስላልበላሽ። ክብ ነው። ክቡን መስበር የሚቻለው በቀኑ በኩል እንጂ በሌሊቱ በኩል አይደለም። ስንቴ ምለሽ ያልተሳካልሽም ለዚህ ነው፣ ከባድ በሆነው ጫፍ ነው የያዝሽው።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው የአንቺ ጥፋት አይደለም። በሰውነታችን ውስጥ ያለው ሰዓት ራሱ የምግብ ፍላጎትን ጠዋት ዝቅ፣ ማታ ከፍ ያደርገዋል፤ ብዙ ጊዜ ጫፍ የሚደርሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ያውም ወደ ጣፋጩ፣ ወደ ጨዋማውና ወደ ዱቄቱ እያደላ። በዚህ ላይ እንቅልፍ አለ። 6 ሰዓት አልፎ ተኝተሽ ንጋት 11 ሰዓት ላይ የምትነሺ ከሆነ የተኛሽው አምስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። እንቅልፍ ሲያጥር ግሬሊን የሚባለው «ራበኝ» የሚያሰኝ ሆርሞን ከፍ፣ ሌፕቲን የሚባለው «ጠገብኩ» የሚያሰኘው ደግሞ ዝቅ ማለት ይወዳል። ሌሊት የተበላ ምግብ ደግሞ ሰውነት ስኳሩን የሚያስተናግደው በቀን እንደተበላው አይደለም፤ ስኳሩን ከደም የሚያወጣው ሆርሞን፣ ኢንሱሊን፣ ማታ ማታ ሰነፍ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት መድኃኒት ይህ ነው፦ ሌሊት መብላትሽን አታቁሚ። አዎ፣ በትክክል ነው ያነበብሽው። ቀኑን ብቻ አስተካክይ። ጠዋት ጉሮሮሽ እምቢ ካለ አታስገድጂው፣ ይዘሽው ሂጂ። ሁለት የተቀቀለ እንቁላል በዳቦ፣ ወይም በጠርሙስ የተበጠበጠ በሶ (ስኳሩን ቀነስ አድርገሽ)፣ ቢሮ ገብተሽ 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ ይበላል። ምሳ ዕቃው ባዶውን ይመለስ። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ካለሽ ደግሞ እንቁላል ወይም ሥጋ፣ ብቻ ሆድ ላይ የሚቆይ ነገር ይኑርበት። መክሰስን ደግሞ አያቶቻችን በከንቱ አላወጡትም! 10 ሰዓት ላይ አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም ሙዝ ብትበዪ፣ ያ ሌሊት የምትወቅሺው ቆሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ወዳጅሽ ይሆናል። ጿሚ ከሆንሽና እስከ 9 ሰዓት የምትቆዪ ከሆነ ደግሞ 9 ሰዓት ላይ ምሳሽን በወጉ ብይ። ብዙ ሰው ጾሙን ቢሮ ውስጥ በሻይና በብስኩት ይፈታና እስከ ማታ ይቆያል፣ ከዚያ 5 ሰዓት ላይ ኩሽና እንገናኛለን።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ወደ ሌሊቱ እንምጣ። እዚህ ጋ ሁለት ነገር መለየት አለብሽ፣ ቋንቋችን ቀድሞ ለይቶልሻል፦ ረሃብና አምሮት። ረሃብ ቀስ እያለ ይመጣል፣ ምንም ቢሰጡት አይመርጥም። አምሮት ድንገት ይመጣል፣ ስም ጠርቶ ነው የሚያዝሽ። ኩሽና በር ላይ ቆመሽ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ «አሁን ጎመን በእንጀራ ቢቀርብልኝ እበላለሁ?» መልሱ አዎ ከሆነ ርቦሻል፣ እና የራበው ሰው ይበላል። ግን መብራቱን አብሪ። ሳህን አውጪ። ተቀመጪ። ትንሽ እርጎ፣ አንድ ሙዝ ወይም ግማሽ ዳቦ ይበቃል። መብራቱን አብሪ የምልሽ ለጌጥ አይደለም። በጨለማ፣ ቆሞ፣ ከዕቃው በቀጥታ የተበላ ነገር እንደተበላ አይቆጠርም፤ አእምሮ አያየውም፣ ሆድ ብቻ ነው የሚያውቀው። ለምሳሌ የኦቾሎኒ ቅቤው አንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ 95 ካሎሪ ነው። ሦስት ማንኪያ፣ የፍሪጁ በር ሳይዘጋ፣ ወደ 300 ይጠጋል። ሳህን ላይ ብታወጪው ሁለተኛውን ማንኪያ ታስቢበት ነበር።

መልሱ «ጎመንስ ይቅር፣ ብስኩቱ ነው» ከሆነ አምሮት ነው። አምሮትን አትታገዪው፣ አዘናጊው። አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ሰዓት ካለፈ ይበርዳል። ጥርስሽን ቦርሺ፣ ሞቅ ያለ የዝንጅብል ወይም የጠና አዳም ሻይ ያለ ስኳር ጠጪ፣ ለእህትሽ ደውይ። የድስቱንም ነገር አስቢበት። ሽሮው ምድጃ ላይ ክፍቱን ካደረ፣ ጠርዙ ላይ የደረቀችው ነገር ማንኪያ ትጠራለች፣ ይሄንን ሁላችንም እናውቃለን። እራት እንዳለቀ የተረፈው ክዳን ባለው ዕቃ ይግባ፣ ድስቱም ይታጠብ። የልጆቹ ብስኩት ላይኛው ቁም ሣጥን ይውጣ። ወንበር ፈልጎ ብስኩት የሚያወርድ ሰው ቢያንስ እያወቀ ነው የሚበላው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው። «ልጆቹ ተኝተው ቤቱ ጸጥ ሲል» ብለሻል። ከ24 ሰዓት ውስጥ የራስሽ የሆነችው ያቺ ሰዓት ብቻ ትመስለኛለች። ቀኑን ሙሉ ለቢሮው፣ ለልጆቹ፣ ለቤቱ ሆነሽ ትውያለሽ፣ ማንም «ደከመሽ?» ሳይልሽ ይመሻል፣ ከዚያ በጨለማ ለራስሽ የምትሰጪው ደሞዝ ብስኩት ነው። በአማርኛ ሰው ሲከፋው ሆድ ባሰው እንላለን እንጂ ልብ ባሰው አንልም። እና አንዳንዴ 5 ሰዓት ላይ ሆድሽ አልራበውም፣ ብሶት ነው። ያቺን ሰዓት አትተያት፣ ግን ከኩሽና አውጫት። ሌላ ክፍል ተቀመጪ፣ የምትወጂውን እይ፣ ጸጉርሽን ተሠሪ፣ ዝም በይ፣ የፈለግሽውን። ይህን ጽሑፍ ደግሞ ለባለቤትሽ አስነብቢው። ወንድሜ፣ የጅቡን ቀልድ ተዋት። እራት ካለቀ በኋላ ድስቱን አንተ እጠብ፣ ልጆቹንም በሳምንት ሦስት ቀን አንተ አስተኛ፤ እኔ ከማዝዘው ኪኒን ሁሉ ይበልጣል።

ያለቀስሽበትን ሌሊት ዝም ብዬ አላልፈውም። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ምንም ነገር ደስ ካላለሽ፣ ወይም በልተሽ ሆን ብለሽ የምታስመልሺ ከሆነ የአእምሮ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ዛሬ ነገ አትበይ። ደግሞ «ሌሊት የመብላት ችግር» የሚባል ራሱን የቻለ ሕመም አለ። አሜሪካዊው ሐኪም አልበርት ስታንካርድ በ1955 እ.ኤ.አ. ነው በሕክምና ጽሑፍ የገለጸው። ሰውየው የቀኑን ምግብ ሩብ ወይም ከዚያ በላይ ከእራት በኋላ ይበላል፣ ወይም በሳምንት ሁለቴና ከዚያ በላይ ከእንቅልፉ ተነስቶ ይበላል፣ ጠዋት አይርበውም፣ ብዙ ጊዜ ይከፋዋል። አንዳንዱ ካንቺ ጋር ይገጥማል። አትደንግጪ፣ በምክር ሕክምናና ካስፈለገ በመድኃኒት ይታከማል። ቀኑን አስተካክለሽም ከአንድ ወር በኋላ ካልቀለለሽ ይህንን ስሙን ጠርተሽ ለሐኪም ንገሪ። ሌሊት በልተሽ ጠዋት ጨርሶ የማታስታውሺ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከአንዳንድ የእንቅልፍ ኪኒኖችም ጋር ይመጣልና ወር አትጠብቂ።

ምርመራም አይቀርልሽም። 9 ኪሎ ቀላል አይደለም። በባዶ ሆድ ስኳርሽን ተለኪ፦ ከ100 እስከ 125 ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው፣ 126 እና ከዚያ በላይ በሁለት ምርመራ ከተገኘ ስኳር በሽታ ነው። ውሃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናትና መራብ አንድ ላይ ከመጡ ደግሞ ነገ ሂጂ። የምትወስጂውንም መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ አሳዪው። ለምሳሌ የሦስት ወር የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ አንዳንድ ሴቶችን ያወፍራል፤ ፕሬድኒሶሎንና አንዳንድ የአእምሮ መድኃኒቶች ደግሞ የምግብ ፍላጎት ይከፍታሉ። በራስሽ ግን አታቋርጪ።

ቃሩ ከምግቡ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ከበላሽ በኋላ ሳትተኚ ሁለት ሦስት ሰዓት ይለፍ፣ በግራ ጎንሽ ተኚ፣ የአልጋውን ራስጌ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጊ (ትራስ መደራረብ ሆድን ያጥፋል እንጂ አይረዳም)። ነገር ግን ሌሊት የሚያነቃሽ ማቃጠል ስትበዪ ቀለል የሚልሽ ከሆነ የጨጓራ ወይም የአንጀት ቁስል ሊሆን ይችላል፣ የኤች ፓይሎሪ (ጨጓራን የሚያቆስል ባክቴሪያ ነው) ምርመራ አድርጊ። ወተት ጠጥቶ ማስታገስ የተለመደ ነው፣ ግን ለጊዜው አብርዶ አሲዱን መልሶ ይቀሰቅሰዋል። ጥቁር ሰገራ፣ ደም ማስመለስ፣ ምግብ ሲዋጥ መያዝ ካለ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ።

ቡናም አለ። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ከሥራ መልስ 11 ሰዓት ላይ የጠጣሽው ቡና ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ አብሮሽ አለ። የመጨረሻዋ ስኒ ከ8 ሰዓት ባታልፍ ጥሩ ነው።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ አንባቢዎች፣ ይህ ምክር ለእናንተ አይደለም። ሌሊት የሚያልባችሁ፣ የሚያንቀጠቅጣችሁና የሚርባችሁ ከሆነ ስኳራችሁ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ለኩት፣ ከ70 በታች ከሆነ (መለኪያ ከሌላችሁም ሳትጠብቁ) ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጣችሁ ጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ፣ ጠዋት ሐኪማችሁን አግኙ።

የማሩን ነገር ረስቼው አይደለም። አያከሳም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 60 ካሎሪ ያህል አለው፣ ሞቀ ውሃ ውስጥ ስለገባም ካሎሪው አይተንም። ማሩ ጥሩ ከሆነ ግን ጠዋት ዳቦው ላይ ቀቢው።