የእናትሽን ክኒን ከስትሪፑ አታውጪው፤ ፕላስቲኩን የምንቀንሰው ሌላ ቦታ ነው

ከደብረ ሲና የጻፍሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳየው በጣም ደስ አለኝ። እናትሽ የስኳርና የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ባዶው ስትሪፕ፣ ካርቶኑና ፌስታሉ በየወሩ እየተከመረ አስቸገረኝ፤ ምድጃ ውስጥ ላቃጥለው ወይ፣ ደግሞስ ክኒኖቹን ከስትሪፑ አውጥቼ ባንድ ብልቃጥ ባስቀምጣቸው አይሻልም ወይ ነው ያልሽው። እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ፤ አሁን ደብረ ብርሃን መድኃኒት ቤት ነው ያለሁት። ቆላውንም ደጋውንም አይቼ ነው የምመልስልሽ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው፤ አታቃጥይው፣ ክኒኑንም አታውጪው። ክኒኑን አቅፎ የያዘው ፕላስቲክ ሥራ አለው። መቀነስ ያለብን በዙሪያው ያለውን ነው፣ እሱ ደግሞ ከምትገምቺው በላይ ብዙ ነው።

አንዱን ስትሪፕ አንስተሽ ገልበጥ አድርገሽ እይው። ክኒኑ የተቀመጠበት ጉብ ጉብ ያለው ፊቱ ፕላስቲክ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ፒቪሲ የሚባለው። ጀርባው ስስ አሉሚኒየም ነው። ሁለቱ በሙቀት ተጣብቀዋል። በጥፍርሽ ልትለያዪአቸው ብትሞክሪ አሉሚኒየሙ ይቀደዳል እንጂ ተላጦ አይወጣም። ልዋጩ ሃይላንድና ጀሪካን እየለቀመ ስትሪፑን ትቶት የሚሄደው ለዚህ ነው። ፕላስቲክና ብረት ተጣብቀው ሲመጡ ለማቅለጥም ለመፍጨትም አይመቹም። በሁለቱም በኩል ብር የሚመስለው ስትሪፕ ደግሞ ይብሳል፤ እሱ ውስጥ አሉሚኒየምና ከአንድ በላይ የፕላስቲክ ዓይነት ተደራርቧል።

ስለ ማቃጠሉ ጠበቅ አድርጌ ነው የምነግርሽ። ፒቪሲ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ክሎሪን ነው። ሲቃጠል የአሲድ ጭስ ያወጣል፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ዳይኦክሲን የሚባሉ መርዞችም ይፈጠራሉ፤ እነሱ አፈሩና ሣሩ ላይ አርፈው በከብቱ ስብና በወተቱ በኩል ወደኛው ይመለሳሉ። እንዲህ ያለውን ቆሻሻ ለማቃጠል ቢያንስ 850 ዲግሪ የሚደርስ ማቃጠያ ያስፈልጋል። የኩበትና የእንጨት እሳት ይህን ሙቀት ይዞ አይቆይም። ደጋው ላይ ብርዱ ሲጠና ደግሞ በር ተዘግቶ ሕፃኑም አዛውንቱም እሳት ዳር ነው የሚውለው። እባክሽ ስትሪፕ እዚያ እሳት ውስጥ አይግባ።

ክኒኑን ማውጣቱስ? እናትሽ ለግፊት የሚወስዱት አምሎዲፒን ከሆነ ብርሃን አይወድም። አስፕሪን እርጥበት ካገኘው ይፈርሳል፤ የቆየ አስፕሪን ስታሸቺው አቼቶ አቼቶ የሚለው ለዚህ ነው። አውግመንቲን የምንለው አንቲባዮቲክ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ እርጥበት ቶሎ ያበላሸዋል። የናንተ ከተማ እንደምታውቂው ከጣርማ በር የሚወርደው ጉም ቤት ድረስ ይገባል። ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ስትደርሺ ደግሞ በበጋው ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ የብዙ መድኃኒት ካርቶን ላይ የተጻፈው ግን ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ነው። አየር ንብረቱ እንዲህ እያለ መከላከያውን መግፈፍ አይሆንም።

ጤና ጣቢያ እያለሁ አንድ አባት ክኒናቸውን ሁሉ ባንድ የሽሮፕ ብልቃጥ ጨምረው መጡ። ነጭ፣ ክብ፣ ትንንሽ። የግፊቱና የስኳሩ ተደባልቋል። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቼ ገለበጥኩትና በየክኒኑ ላይ የተቀረጸውን ፊደል እያየሁ ለመለየት ሞከርኩ። ከፊሉ ተሸራርፎ ፊደሉ አይነበብም፣ ከታች ዱቄት ተጠራቅሟል። ኤክስፓየር የሚያደርግበት ቀን የተጻፈበት ስትሪፕ ድሮ ተጥሏል። ምንም ማድረግ ስላልተቻለ ሁሉም ተወገደ፣ አዲስ ተሰጣቸው። ስለዚህ ፕላስቲክ አልቀነሰም፣ እጥፍ ሆነ። ያልተዋጠ መድኃኒት ሲጣል ገንዘቡም፣ ከውጭ የመጣበት ጉዞም፣ የተመረተበት ኬሚካልም አብሮ ነው የሚጣለው። ፕላስቲክ መቀነስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ቤት ውስጥ ሳይዋጥ የሚቀረውን መድኃኒት ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደሚቀነሰው እንምጣ።

እናትሽ በየወሩ ነው የሚመላለሱት? ግፊታቸውና ስኳራቸው ተረጋግቶ ከቆየ ሐኪማቸውን የ3 ወር ይጻፍልን በሉት። ሁሉም እሺ ላይል ይችላል፣ መጠየቅ ግን ነውር የለውም። የስኳሩ መድኃኒት ሜትፎርሚን ብዙ ጊዜ የሚመጣው 10 ስትሪፕ በያዘ፣ 100 ፍሬ ባለው ካርቶን ነው። በቀን 2 የሚወስድ ሰው ለወር 60 ፍሬ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ካርቶኑ ይከፈታል፣ 6 ስትሪፕ ይወጣል፣ ፖስታ ውስጥ ይገባል፣ ፖስታው ፌስታል ውስጥ ይገባል። በሚቀጥለው ወር እንደገና። የ3 ወሩን አንዴ ስትወስዱ ፖስታውና ፌስታሉ ከሦስት ወደ አንድ ይወርዳል፣ የመኪና ወጪም ይቀራል። ነገር ግን መድኃኒቱ በቅርቡ የተቀየረ ወይም መጠኑ ገና እየተስተካከለ ከሆነ የ3 ወር እንዳትወስዱ። ሐኪሙ በሁለተኛው ወር ቢቀይረው የተረፈው ሁሉ ወደ ቆሻሻ ነው።

ይህ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ የኤችአይቪ መድኃኒት ላይ ተሠርቶበታል። ሕክምናቸው የተረጋጋ ታካሚዎች የ6 ወር መድኃኒት አንዴ እንዲወስዱ በአገራችን ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሲሠራ ቆይቷል። በቀን አንድ ፍሬ የሚዋጠው የኤችአይቪ መድኃኒት ቲኤልዲ በ30 ፍሬ ብልቃጥም በ90 ፍሬ ብልቃጥም ይመረታል። ቁጠሪው፦ ለ6 ወር 6 ብልቃጥ ወይም 2 ብልቃጥ። ክዳኑም፣ ውስጡ ያለችው የእርጥበት መጣጭ ከረጢትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። መድኃኒቱ ያው ነው፤ የተቀየረው አንድ ብልቃጥ ውስጥ ስንት ፍሬ ይግባ የሚለው ብቻ ነው። የግፊትና የስኳር መድኃኒት ገዢዎችም በጨረታቸው ይህን ቢጠይቁ ደስ ይለኛል።

ስለ መቀሱ አንድ ነገር ልንገርሽ። ፋርማሲ ውስጥ ስትሪፕ እየተቆረጠ ሲሰጥ አይተሻል። ኤክስፓየር የሚያደርግበት ቀንና የባች ቁጥሩ (በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚያሳየው) ብዙ ጊዜ የሚታተመው በስትሪፑ አንድ ጫፍ ብቻ ነው። 4 ፍሬ ተቆርጦ ሲሰጥሽ ያ ጫፍ ከማን ጋር ቀረ? ካንቺ ጋር ካልሆነ ከ6 ወር በኋላ መሳቢያ ውስጥ ስታገኚው ይበላ ይጣል አታውቂም፤ ትጥይዋለሽ። ፋርማሲው ጋ የቀረው ቁራጭም እንደዚያው። ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ከሆነ ያልተቆረጠ ሙሉ ስትሪፕ ስጡኝ በይ። ስትጠቀሚም ቀኑ ከሌለበት ጫፍ ጀምሪ።

ፌስታሉን እንኳ ብዙ አልልም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ላይ መከልከሉን ሰምተሻል። መንዝ ውስጥ ዘመድ ያለው ሰው በግ ሲታረድ ከሆዱ የተጠቀለለ ፌስታል ሲወጣ አይቶ ይሆናል። መድኃኒት በወረቀት ፖስታ ሆኖ ቦርሳ ውስጥ ቢገባ ምንም አይሆንም። ፖስታው ላይ አወሳሰዱ መጻፉን ብቻ አረጋግጪ።

ልጅ ያላችሁ ደግሞ ይህችን ስሙኝ። ብዙ እናቶች ለልጅ ሽሮፕ ካልሆነ መድኃኒት አይመስላቸውም። ለምሳሌ ሳንባ ምች ለያዘው ሕፃን 250 ሚሊግራም አሞክሲሲሊን በቀን 2 ጊዜ ለ5 ቀን ታዘዘ እንበል። 125 ሚሊግራም በ5 ሚሊ ሊትር በሆነው ሽሮፕ ከሆነ በአንድ ጊዜ 10 ሚሊ ሊትር፣ በጠቅላላው 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ሙሉ ብልቃጥ ከነክዳኑ፣ ከነመስፈሪያው፣ ከነካርቶኑ ይሄዳል። ያውም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በትክክል ካልተበጠበጠ መጠኑ ይዛባል። በውኃ የሚሟሟው የልጆች ክኒን ከሆነ 10 ፍሬ፣ አንድ ስትሪፕ ይበቃዋል። ማንኪያ ላይ ውኃ ጠብ አድርገሽ ስታስቀምጪው ይሟሟል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለሕፃናት ሳንባ ምች የሚመክረው ይህንኑ ነው፣ ጤና ኬላ ላይም የሚሰጠው እሱ ነው። እንግዲህ ጤና ኤክስቴንሽኗ ክኒን ስትሰጥሽ አሳነሰችብኝ አትበይ።

አሁን ቤትሽ የተከመረውን ምን ታደርጊዋለሽ? ካርቶኑንና በውስጡ ያለውን ወረቀት ለይው፤ ንጹሕ ወረቀት ነው፣ ስም የተጻፈበት ካለ ግን ቅደጂው። የሽሮፕ ጠንካራ ብልቃጥ ታጥቦ ከሃይላንድና ከጀሪካን ጋር ለልዋጭ ይሰጣል። ስትሪፑን ግን ባንድ ከረጢት አጠራቅመሽ አስረሽ ደረቅ ቆሻሻ ለሚሰበስቡት ልጆች ስጪ። ጓሮ አትበትኚው፤ በጎርፍ ወንዝ ይገባል። ይህ ጥሩ መፍትሔ ነው ብዬ አይደለም። ከማቃጠልና ከመበተን ግን ይሻላል። ቀኑ ያለፈበት ወይም የተረፈ መድኃኒት ካለ እሱን ከስትሪፕ ጋር አትቀላቅይው፤ ጤና ጣቢያ ወይም መድኃኒት ቤት ወስደሽ ይወገድልኝ በይ። ሽንት ቤት አይጨመርም።

ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ በርበሬ፣ ጨው፣ ዘይት የምታስቀምጡ ሰዎችም አላችሁ። ቁጠባው ገብቶኛል። ግን መድኃኒቱ ከብልቃጡ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ ላይወጣ ይችላል፤ ልጅም ብልቃጡን ለምዶ ነገ መድኃኒት ያለበትን ያነሳል። ለመርፌና ክር፣ ለአዝራር፣ ለዘር አድርጉት። ለምግብ አይሁን።

እሽጉን ራሱን መቀየር የፋብሪካው ሥራ ነው። እሱም ቢሆን ዝም ብሎ አይቀይርም፤ እሽጉ መድኃኒቱ ሲመዘገብ አብሮ የሚታይ ነገር ስለሆነ አዲሱ ፕላስቲክ መድኃኒቱን እንደማያበላሽ በጥናት ማሳየት አለበት። እኛ ጋ ይህን የሚያየው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ውጭ አገር ተጀምሯል። ለምሳሌ ባየር እ.ኤ.አ. በ2024 አሌቭ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ከፒኢቲ ብቻ በተሠራ ስትሪፕ ኔዘርላንድስ ውስጥ አወጣ። ፒኢቲ ማለት ሃይላንዱ የሚሠራበት ፕላስቲክ ነው። አንድ ዓይነት ስለሆነ መልሶ ማቅለጥ ይቻላል። እንዲህ ያለው እኛ ጋ ሲደርስ ስትሪፑን የሚሰበስብ ሰውም ሊያስፈልግ ነው፤ በየፋርማሲው በር ላይ አንድ ሣጥን ማስቀመጥ ያን ያህል ከባድ አይመስለኝም። ግሩፑ ውስጥ ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ እስቲ በዚህ ላይ ሐሳባችሁን ጻፉልን።

እናትሽ ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ግን ከላይ ያልኩት ለመርፌው አይሠራም። መርፌው ሃይላንድም ፌስታልም በስቶ ይወጣል፣ ቆሻሻ የሚለቅሙትን ልጆች ይወጋል። ባዶ የበረኪና ጀሪካን አዘጋጂ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ። መርፌው እንደተወጋ ክዳኑን መልሰሽ ሳትገጥሚ ቀጥታ እዚያ ይግባ። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ክዳኑን አጥብቀሽ፣ ላዩ ላይ መርፌ ብለሽ ጽፈሽ ለጤና ጣቢያ አስረክቢ፤ ከራሳቸው መርፌ ጋር ያስወግዱልሻል።