በብር ቅባት የሚታከም ቃጠሎ ላይ የሚታየው ግራጫ ሽፋን

አንዲት ጀማሪ ነርስ «በሲልቨር ሰልፋዲያዚን (ብርና ሰልፋ የተባለ የአንቲባዮቲክ ዓይነት ያለበት ቅባት) የያዝነው ቃጠሎ በሦስተኛው ቀን ግራጫ ቢጫ ነገር ለበሰ። መግል ነው? አንቲባዮቲክ ይጀመር?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ድሮም በየክፍሉ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ሕፃን በከንቱ መርፌ ባልተወጋ!

መግል አይደለም። 1 በመቶው ቅባት ከቁስሉ ፈሳሽ ጋር ተዋህዶ የሚሠራው ሽፋን ነው። ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ በራሰ ጎዝ ቀስ ብላችሁ ስታብሱት ይለቃል፤ አትፋቁት። መጥፎ ጠረን፣ በዙሪያው የሚሰፋ ቅላት፣ ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ወይም የሚጠቁር ቦታ ካለ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሐኪም ጥሩ።

ትልቁ ጥፋት አሮጌውን ሳያነሱ በላዩ አዲስ መቀባት ነው። ባክቴሪያን በዋናነት የሚገድለው ከቅባቱ የሚለቀቀው የብር አዮን ነው፤ በቁስሉ ፈሳሽ ያለው ክሎራይድና ፕሮቲን ደግሞ ይይዘውና ያልቃል። ስለዚህ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ አጥባችሁ ቀይሩ፣ ውፍረቱም 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። ከዕቃው በንጹሕ ስፓቹላ ቅዱ፤ ቁስል የነካ ጓንት ተመልሶ አይግባበት። ሽፋኑ የቃጠሎውን ጥልቀት ስለሚደብቅ ደግሞ ቅባቱ ከመቀባቱ በፊት ሐኪሙ ቁስሉን ይየው።

ክሎራይድ ካልኩ አይቀር፣ ናኖ ብር (እጅግ ደቃቅ የብር ቅንጣት) ያለበትን ፋሻ በኖርማል ሳላይን፣ ማለትም ክሎራይድ ባለበት የጨው ውኃ፣ የምታርሱ አላችሁ። ብሩ ሲልቨር ክሎራይድ ሆኖ ይቀራል፤ የሚርሰው በስቴራይል (ከጀርም በጸዳ) ውኃ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ሞየር በ1965 ያስተዋወቀው የ0.5 በመቶ ሲልቨር ናይትሬት ሕክምና ያስቸገረውም በዚሁ ነበር፦ ፋሻው ሁልጊዜ መራስ ነበረበት፣ አንሶላውም የነርሷም ጣት ይጠቁራል፣ የበሽተኛው ሶዲየምና ክሎራይድ ይወርዳል። ተመራማሪው ፎክስ በ1968 ብርን ከሰልፋዲያዚን ጋር አጣምሮ ቅባቱን አመጣ።

ዛሬ የቁስል ፎቶ ቴሌግራም ላይ ለጥፎ «ምን ልስጥ?» ማለት ተለምዷል፤ አልወደውም። በእርግጥ በሽተኛው ፈቅዶ በየቀኑ የሚነሳ ፎቶ ለውጡን ለማወዳደር ይጠቅማል፤ እሱን በካርዱ ላይ አያይዙት።

ለሰልፋ አለርጂክ ለሆነ፣ ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃንና መውለጃዋ ለደረሰ እናት ሲልቨር ሰልፋዲያዚን አይቀባም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነጭ የደም ሕዋስ ሊቀንስ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይመለሳል፣ ግን ተከታተሉት። ብር አዲስ የሚበቅለውን ቆዳም ስለሚጎዳ፣ ላይ ላዩን ብቻ ለተቃጠለ ንጹሕ ቁስል ቫዝሊን ጎዝ ይሻላል።